የመናኸሪያው መንገድ ቆጣሪ

ስም የሚያወጣ ወይ ወላጅ ነው ወይ ጠላት። ጫማ ሰፊውን «ቆጣሪው» ብሎ የሰየመው ግን የገዛ አማቹ፣ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው፤ ለዚያውም ሃያ ዓመት ሙሉ ጎኑ ተቀምጦ፣ ዝናብ ሲመጣ ካንድ ላስቲክ ሥር አብሮት የተጠለለ ሰው። ስሙ እንደ ማስቲሽ ያዘ። ዛሬ በዚያ መንገድ የቀሩትን ጥቂት ሰዎች «ጫማ ሰፊው የት አለ?» ብትሏቸው ይደናገራሉ። «ቆጣሪው» ካላችሁ ግን ጣታቸውን ወደ ደረጃው ይቀስራሉ፤ አንዳንዱም ምራቁን እንትፍ ይላል። እኔን የሚያናድዱኝ እነዚህ ምራቅ የሚተፉት ናቸው። ያን ሰሞን ማን ምን ሲያደርግ እንደነበር አውቃለኋ!

መንገዱን ልንገራችሁ። ከመናኸሪያው በር ይነሳና ቁልቁል ወደ ገበያው ይወርዳል። ርዝመቱ ሦስት መቶ እርምጃ፣ ስፋቱ ስምንት ነው። ሁለት ባለ ሸክም ከተገናኙ አንዱ ግድግዳ ተደግፎ ሌላውን ያሳልፋል። ከተማዋ ትንሽ ሳለች አውቶቡስ የሚቆምበት ሜዳ የከተማዋ ዳርቻ ነበር አሉ። ኋላ ከተማዋ ስታድግ ዳርቻው መሃል ሆነ። መንገዱን ግን ያሰፋው የለም፤ ሰው በዛበት እንጂ እሱ ያው ስምንት እርምጃ ነው።

ጫማ ሰፊው ከበሩ ፊት ለፊት ካለው ፎቅ ቤት ደረጃ ሥር ነው የሚቀመጠው። ቦታውን ያወረሱት አጎቱ ናቸው። አጎትየው ቁጡ ሰው ነበሩ፤ ወስፌ አያያዝ ሲያስተምሩት እጁን በመዶሻ እጀታ ስንቴ እንዳቀመሱት እሱ ነው የሚያውቀው። አንድ ነገር ግን አስጨብጠውታል። ጫማ ሰፊ የሚፈልገው ጥላ አይደለም፣ የሚጠብቅ ሰው ነው ይሉ ነበር። የሚቸኩል ሰው ተረከዙ ቢነቀልም እያነከሰ ይሄዳል። ቤቱ ያለ ሰው ደግሞ ነገ ይደርሳል ብሎ አልጋ ሥር ይወረውረዋል። ግማሽ ሰዓት መቆም ግዱ የሆነበት፣ ሌላ የሚሠራው ያጣ ሰው ግን አንገቱን ደፍቶ እግሩን ያያል። እግሩን ሲያይ ቀዳዳውን ያያል። ያን ጊዜ አንተ ፊቱ ተቀምጠህ መገኘት አለብህ። የአጎትየው ትምህርት ይኸው ነው፤ ስለ ከተማ ወፍራም መጽሐፍ የሚጽፉት ሰዎች ከዚህ አልፈው ምን እንደሚሉ አላውቅም።

ጥበቃው ደግሞ ሰውየውን ካንዱ ወዳንዱ ይመራዋል። አውቶቡስ የሚጠብቀው መንገደኛ ጫማውን ለጫማ ሰፊው ይሰጣል። ባንድ እግሩ የትም አይሄድምና አጠገቡ ካለችው ሻይ ቤት ሻይ ያዛል። ሻዩን ይዞ ኪሱን ሲዳብስ ትርፍ የሌለው ቁልፉን ያገኛል፤ ቁልፍ ሠሪው አማች ደግሞ እዚያው ክርኑ ሥር ነው። ቀና ሲል ከደረጃው በላይ፣ ሰገነቱ ላይ፣ የልብስ መኪና ሲንደቀደቅ ይሰማል፤ የኮቱ አዝራር ትዝ ይለዋል። መኪናዋን የምትነዳው የጫማ ሰፊው ሚስት ናት። እንዲህ ነበር የሚኖሩት። ማንም ማንን አልጠራም፣ ማንም ማስታወቂያ አልለጠፈም፤ አውቶቡሱ ይዘገያል፣ መንገዱ ይበላል። አውቶቡስ በሰዓቱ በወጣ ቀን ቁልፍ ሠሪው ሹፌሩን ከነዘር ማንዘሩ ይረግም ነበር።

በዚህ መንገድ ላይ ባልና ሚስቱ አንዲት ልጃቸውን አሳድገው፣ አስተምረው፣ ድረዋል። ሀብታም አልሆኑም፤ ግን የሰው ፊት አላዩም። ሌላ ነገርም አልተመኙ።

እንግዲህ አንድ ዓርብ ቀን ከማዘጋጃ ቤት አንዲት ወጣት ኢንጂነር መጣች። ጫማ ሰፊው ሰው ሲያይ ከእግር ነው የሚጀምረው። የልጅቱ ሶል በውጭ በኩል ተበልቷል፤ በእግሯ የምትሄድ ሰው ናት ማለት ነው፤ ገና አፏን ሳትከፍት ወደዳት። ከተማው በሃያ ዓመት ሦስት እጥፍ እንዳደገ፣ አዲስ መሪ ፕላን ሊወጣ እንደሆነ፣ ለዚህም በስድስት ቦታ አላፊ አግዳሚው ሰባት ቀን ሙሉ እንደሚቆጠር ነገረችው። ቆጣሪ ከቢሮ ቢመጣ ፀሐይ ሲበረታ ይጠፋል፤ ስለዚህ እዚያው የሚውል፣ ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው እንደምትፈልግ አስረዳችው። ከዚያ እንቁላል የምታህል ብረት ከቦርሳዋ አውጥታ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። ራሷ ላይ ቁልፍ አለች፤ በአውራ ጣት አንዴ ሲጫኗት ቀጭ ትልና አንድ ቁጥር ትጨምራለች። ሕጉም ቀላል ነው። የታዘለ ሕፃን አይቆጠርም። ያለፈ ሁሉ ይቆጠራል፤ አንድ ሰው አሥር ጊዜ ቢያልፍ አሥር ነው። በየሰዓቱ ቁጥሩን ከወረቀቱ ላይ መጻፍ።

ጫማ ሰፊው ደስ አለው። በዕድሜው ማዘጋጃ ቤት ያነጋገረው «ተነሳ ከዚህ» ለማለት ብቻ ነበር። አሁን «አባባ፣ እርስዎን አምኜ ነው» የምትል ልጅ መጣችለት። እሺ አለ፤ ወረቀቱን ተቀበለ፤ መቁጠሪያዋን ኪሱ ከተተ። አንድ ነገር ግን አልጠየቃትም፤ ቁጥሩ ምን እንደሚሠራ።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሻይ ቤቷ ውስጥ ጉባኤ ተቀመጠ። ቁልፍ ሠሪው ጭምጭምታ የማያመልጠው ሰው ነው፤ ያልሰማውን ደግሞ ይፈጥረዋል። መንግሥት ሰው የሚቆጥረው በሁለት ምክንያት ብቻ ነው አለ። ወይ ሊወስድ ነው፣ ወይ ሊሰጥ ነው። ሊወስድ ከሆነ መደበቅ ነው፤ ግብር ገማች ሲመጣ ግማሹን ዕቃ ጎረቤት ማሸሽ ያባት ነው። ሊሰጥ ከሆነ ደግሞ መብዛት ነው፤ ዘይት ሲታደል የሞተ አያት ሳይቀር ይመዘገባል። ይሄን ማን ያጣዋል? ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ታዲያ ይቺ ልጅ ስምም አልጠየቀች፣ ንግድ ፈቃድም አላየች፤ ስለዚህ ልትሰጥ ነው የመጣችው። አስፋልት ሊሆን ይችላል፤ መብራትም ሊሆን ይችላል፤ ቢያንስ ቢያንስ ቦዩ ይከደናል። የሚሰጡትም ብዙ ሰው ለሚሄድበት ነው፤ ላለው ይጨመርለታል። የሻይ ቤቷ ባለቤት ያን ዕለት ሁለተኛውን ሻይ በነፃ ቀዳች፤ በዘመኗ አድርጋው የማታውቀውን።

ጫማ ሰፊው ቤቱ ገብቶ ይህን ሁሉ ለሚስቱ አወራላት። ሜትሯን ከአንገቷ የማታወርድ ሴት ናት፤ ሰው ስታናግርም ትከሻውን እየለካች ይመስላል። ጨርቋን አጥፋ ስታበቃ፣ ቁጥሩ ለምን እንደሆነ ልጅቱን ጠይቀሃታል ወይ አለችው። ወንድምሽ ነገረን እኮ አላት።

«ወንድሜን አይደለም ያልኩህ። እኔ ሱፍ የምለካው ለሠርግ ይሁን ለሥራ ሳልጠይቅ አይደለም። ደረቱን ነፍቶ የተለካ ሰው ልብሱ ሲመጣ ይሰፋዋል።»

«ቢሰፋ ይጠባል» አላት።

«አለባብሰው ቢያርሱ ባረም ይመለሱ» ብላ መብራቷን ወደ መኪናዋ አዞረች። እሱም ሴት ነገር ታከብዳለች ብሎ ተወው።

ሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ጀመረ። እስከ እኩለ ቀን ድረስ፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አንዲትም አልዋሸም። ችግሩ ሥራው ነው። አጎንብሶ ሚስማር ሲመታ፣ ክር በሰም ሲያሽ፣ ሰው ያመልጠዋል። ቀና ሲል የአምስት ስድስት ሰው ጀርባ ነው የሚያየው። ያመለጠኝን ላካክስ ብሎ ቀጭ ቀጭ ቀጭ አደረጋት። ይሄ እንኳ ሚዛናዊ ነበር። ስድስት ሰዓት ላይ ግን አንድ ተሸካሚ ፍራሽ በራሱ ላይ ይዞ መጣ፤ ፍራሹ መንገዱን ሞላው። ጫማ ሰፊው ይሄ ሁለት ሰው አያህልም? ብሎ ራሱን ጠየቀ፤ ሁለት ጊዜ ተጫነ። ቀጥሎ ነፍሰ ጡር መጣች። እሷማ በሕግም ሁለት ናት። ከዚያ በኋላ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ፤ አውራ ጣቱ ያለሰው መሥራት ጀመረች።

ወሬው ሲሰማ ደግሞ መንገዱ ሁሉ ተነሳ። አሥሬ ያለፈ አሥር ነው የምትለዋ ሕግ ሻይ ቤት ደርሳለች። እጁን ወደኋላ አጣምሮ ሽር ብትን የሚለው ማን ነበር? ቁልፍ ሠሪው! በየሩብ ሰዓቱ ከደረጃው እስከ ሻይ ቤቷ ወርዶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ይመለሳል። የሻይ ቤቷ ባለቤት ስኳር ለመግዛት በቀን ሃያ ጊዜ ወጣች። ከሻይ ቤቷ ማዶ ያለው ፎቶ አንሺ ፎቶ ሊነሳ የመጣውን ሰው ብርሃን ላሳይህ እያለ ሁለት ዙር ያዞረዋል። ሰዓት አዳሹ፣ ያ ከወንበሩ ሲነሳ ጉልበቱ የሚጮህ ሽማግሌ፣ ለጤናዬ ሐኪም አዞኛል ብሎ ሲመላለስ ዋለ። ሲያልፉ ጫማ ሰፊውን በዓይናቸው ጠቀስ ያደርጉታል፤ እሱም ቀጭ ያደርጋል፤ ይሳሳቃሉ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው ለካ እንዲህ ላለው ቀን ኖሯል። ሚስቱ ብቻ ሰገነቱ ላይ ቁጭ ብላ ያን ሳምንት ካንድ ጊዜ በላይ አልወረደችም።

ሐሙስ ዕለት ብቻ ቁጥሩ አሥራ ዘጠኝ ሺህ ደረሰ። በሰባተኛው ቀን ኢንጂነሯ መጥታ ወረቀቶቹን ስታይ ቅንድቧ ተሰቀለ፤ ይህን ያህል አልጠበቅንም አለች። ጫማ ሰፊው አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ለድካሙ የተመደበለትን ከፈለችው፤ መቁጠሪያዋን ሊመልስ ሲል፣ ለማስታወሻ ይሁንዎት ብላ ተወችለት። ከታችኛው አደባባይ የቆጠረው ጋዜጣ ሻጭ ሰባቱን ቀን ግማሹን እንቅልፉን እንደለጠጠ በኋላ ተሰማ። መንገዱ በሳቅ ፈረሰ። ምስኪን፣ አሉ፤ ለሰፈሩ የማይረባ።

ስምንት ወር አለፈ። ከዚያ ማዘጋጃ ቤት ነዋሪውን አዳራሽ ጠራ። የመንገዱ ሰው ነጭ በነጭ ሆኖ፣ ጫማውን አስጠርጎ ሄደ፤ ጫማ ሰፊውን መሃል አስቀምጠውታል። ኢንጂነሯ የከተማውን ካርታ ግድግዳ ላይ አበራች። ስድስት ክብ አለበት፤ የመናኸሪያው መንገድ ክብ ከሁሉም ትልቁ፣ ቀዩ ነው። ቁልፍ ሠሪው ጫማ ሰፊውን ጎኑን ጎሰም አደረገው። የሻይ ቤቷ ባለቤት እሰይ አለች።

ልጅቱ መጠቆሚያ ዱላዋን ከቀዩ ክብ ላይ አሳረፈች። በቀን ከአሥራ ሁለት ሺህ ሰው በላይ የሚያልፍበት የስምንት እርምጃ መንገድ ለሰው ሕይወት አደገኛ ነው አለች። እሳት ቢነሳ መኪና አይገባም። ለማስፋት ቢታሰብ ሁለቱንም ወገን ማፍረስ ነው፤ ካሳው አይቻልም። ስለዚህ የሚሻለው ሰውን የሚያመጣውን ነገር ማንሳት ነው፤ መናኸሪያው ሰባት ኪሎ ሜትር ወጥቶ ቀለበት መንገዱ ላይ ይሠራል። የታችኛው አደባባይ ግን ገና አቅም ስላለው የሠፈር መኪናዎች ማቆሚያ እዚያው ይቀራል፤ አስፋልትና መብራት ይገባለታል።

ጫማ ሰፊው መጀመሪያ የገባው ነገር አልነበረም፤ ሲገባው የወንበሩን ጠርዝ ጨበጠ። ሊነሳ ሞከረ። ቁጥሩ ሐሰት ነው ሊል ነው። ቁልፍ ሠሪው ኮቱን ይዞ ጎተተው፤ አንተም ትታሰራለህ እኛንም ታሳስረናለህ ብሎ በጆሮው ነገረው። ተቀመጠ። ሕይወቱን ሙሉ የሚጸጸተው ስለ መቁጠሩ ብቻ አይደለም፣ ስለዚያ መቀመጥም ነው።

ሦስት ቀን እንደ ወትሮው ደረጃው ሥር ተቀምጦ ዋለ። በአራተኛው ቀን ለማንም ሳይናገር ማዘጋጃ ቤት ሄደ። ኢንጂነሯ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ጥቅል ካርታ በየጥጉ በቆመበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበረች። ወንበር ሰጠችው። አልቀመጥም ብሎ ቆሞ ሁሉንም ነገራት፤ ፍራሹን፣ ነፍሰ ጡሯን፣ ስኳሩን፣ የሽማግሌውን ጉልበት። ልጅቱ አልተቆጣችም። ቢቆጡት ይሻለው ነበር። ከመደርደሪያው የሱን ወረቀቶች አወጣች፤ እርሳስ ያዘች።

«ስንቱን ልቀንስ?» አለችው።

«እንዴት?»

«ስንቱ ነው ውሸት? ውሳኔው የሚፈረመው ከነገ ወዲያ ነው። ከአሥራ ሁለት ሺህ በታች ከወረደ መናኸሪያው እዚያው ይታደሳል። ልክ ልኩን ይንገሩኝና እኔ ለአለቆቼ አቀርባለሁ።»

ጫማ ሰፊው አሰበ። የሰኞ ጠዋት እውነት ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ከየት ያምጣው? ያመለጠውን ያካካሰበት አለ፣ ሁለቴ የተጫነበት አለ፣ ማንም ሳይኖር ጣቱ ብቻዋን የሠራችበት አለ። አማቹ ስንት ጊዜ አለፈ? እውነቱ ከሐሰቱ ጋር እንደ ውሃና ወተት ተደባልቋል።

«አላውቅም» አላት። «ውሸቱን አልቆጠርኩትም።»

እርሳሷን አስቀመጠች። በአንድ ጠዋት ቁጥር ከተማ እንደማይለካ፣ እንደገና ለመቁጠር ደግሞ ጊዜውም በጀቱም እንደሌለ ቀስ ብላ አስረዳችው። ያለ ልኬት ሄጄ «ተሳስተናል» ብል ማን ይሰማኛል አለች። እስከ በሩ ሸኘችው።

«አባባ፣ ቁጥሩ ለምን እንደሆነ ቢጠይቁኝ እኮ እነግርዎት ነበር» አለችው።

መናኸሪያው በዓመቱ ተነሳ። የመጨረሻው አውቶቡስ ሲወጣ ቁልፍ ሠሪው ሹፌሩን አልረገመም። መጀመሪያ የሞተችው ሻይ ቤቷ ናት፤ ከዚያ ሻይ የሚጠብቅ ሰው ስለሌለ ቁልፍ የሚያስቀርጽ ጠፋ፤ ከዚያ ፎቶ አንሺው። አንዱ ለሌላው ሰው ይልክ ነበርና፣ አንዱ ሲዘጋ ሌላው መንገድ ላይ የወደቀ ያህል ነው። ሰዓት አዳሹ ሽማግሌ አልተዘዋወረም፤ ቤቱ ገብቶ ተኛ፤ በአራተኛው ወር ቀበሩት። አሁን መንገዱ በጣም ሰፊ ሆኗል። በስምንት እርምጃ ላይ አንድ ድመት ተጋድማ ትውላለች፤ የሚያስነሳት የለም። ታችኛው አደባባይ አስፋልት ለብሶ፣ መብራት በርቶለት፣ ጋዜጣ ሻጩ ባለ ጃንጥላ ጠረጴዛ ዘርግቷል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል፤ እነዚህ ቆጡንም ብብቱንም ለተኛ ሰው ነው ያስረከቡት።

ጥፋተኛ ሲፈለግ ደግሞ ሩቅ አልተኬደም። አማቹ ነው አንድ ቀን በሰው ፊት «ጠይቁት ቆጣሪውን» ያለው። ሽር ብትን ሲል የከረመው እግሩ ያን ጊዜ የት ነበር? ሃያ ጊዜ ስኳር የገዛችዋም አብራ ተንጫጫች። ጫማ ሰፊው እናንተስ ምን ስትሠሩ ነበር ቢላቸው ማን ይከለክለው ነበር? ግን ቁልፏን የተጫነው ጣት የሱ ነው፤ ይህን ከነሱ ይልቅ እሱ ለራሱ ይለዋል።

አዲሱ መናኸሪያ ሄዶ ሞክሯል። ለኳስ ሜዳ የሚበቃ ግቢ ነው፤ ዙሪያውን አጥር። ሱቆቹ በሁለት ኪሎ ሜትር አስፋልት ላይ ተዘርተዋል፤ ከቁልፍ ሠሪው እስከ ሻይ ቤቱ መኪና ያስፈልጋል። ተሳፋሪው ከሠፈሩ በመኪና ይመጣል፣ በሰዓቱ ይሳፈራል፣ ይሄዳል። ቆሞ እግሩን የሚያይ የለም። ፀሐዩ ላይ አሥራ አንድ ቀን ተቀምጦ ሦስት ጫማ ሰፋ፤ አንዱ የግቢው ዘበኛ ጫማ ነው። አማቹ እንኳ እዚያ ሆኖ የሚኖረው ቁልፍ በመሥራት ሳይሆን የስልክ ሽፋን በመሸጥ ነው። ጫማ ሰፊው ዕቃውን ሰብስቦ ወደ ደረጃው ተመለሰ።

ሚስቱ ሁለት ዓመት ታገሰችው። ሰገነቱ ላይ ያለችው መኪና ከሳምንት ሁለት ቀን እንኳ አትንደቀደቅም። ወንድሟ ቀለበት መንገዱ ላይ ግማሽ ሱቅ ላካፍልሽ፣ በአዲሶቹ ሕንፃዎች መጋረጃ የሚያሰፉ ሞልተዋል ብሎ ላከባት። አብረን እንሂድ አለችው። ሬሳ ተጥሎ አይኬድም፤ የገደልኩትን ልጠብቅ አላት። ሬሳ የሚጠብቅ ሰው እኮ አልቃሽ አያጣም፣ አንተ እሱንም አጥተሃል አለችው። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ደክሟት ነው።

ባለፈው ሰኔ አንድ የማዘጋጃ ቤት ሰው፣ የሚያንጸባርቅ ሰደርያ የለበሰ፣ ወረቀት ይዞ ደረጃው ዘንድ መጣ። አላፊ አግዳሚው ሰባት ቀን ይቆጠራል፣ እርስዎ ከዚህ በፊት ስለሠሩ ተመርጠዋል አለው። ወረቀቱ አሁን ሁለት ረድፍ አለው፤ የሚገባ፣ የሚወጣ። ጫማ ሰፊው ከኪሱ መቁጠሪያዋን አወጣ፤ አልጣላትም ነበር። ከዚያ ሰውየውን ቀና ብሎ አየውና ለሦስት ዓመት አፉ ላይ የነበረውን ጥያቄ ጠየቀው።

«ቁጥሩ ለምንድነው?»

«እኔ እንጃ» አለ ሰውየው። «እኔ ወረቀት አድራሽ ነኝ።»

የቀሩት ሦስት አራት ሰዎች ምክር አመጡለት። አንዱ የሞቱ መንገዶች ሊታደሱ ነው፣ አሁንስ ተጫን አለው። ሌላው ሊያፈርሱት ነው፣ ቀንስ አለው። ጫማ ሰፊው ግን አንድ ሰው ካለፈ አንድ ጊዜ ይጫናል። ቀና ብሎ ይቆጥራል፤ የሚያጎነብስለት ጫማ ስለሌለ አንድም ሰው አያመልጠው። ሰኞ ሰላሳ ስምንት። ማክሰኞ አርባ አንድ፤ ዝናብ ሊጠለሉ የገቡ ነበሩ።

ረቡዕ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ የልብስ መኪናዋ በጋሪ ወረደች። ሚስቱ በነጭ ጨርቅ ሸፍና፣ በገመድ አጥብቃ፣ ራሷ ነው ያሰረቻት። ጋሪ ገፊው ወደ ላይ፣ ወደ ድሮው መናኸሪያ በር አቀና፤ መቁጠሪያዋ ቀጭ አለች። እሷ ከደረጃው ፊት ቆመች። መቁጠሪያዋ ደግማ ቀጭ ስትል ሰምታለች።

«ቆጠርከኝ?» አለችው።

«ቆጠርኩሽ።»

«ስንቴ?»

«አንዴ።»

ጋሪው ላይ መንገዱን የሞላውን ጭነት አየች፤ ከዚያ እሱን አየችው። ሜትሯ አንገቷ ላይ ነው። «ያኔ ነበር እንዲህ» አለችውና ጋሪውን ተከትላ ሄደች።

ድመቷ ለጋሪው ተነስታ እንደገና ተጋደመች። ጫማ ሰፊው ስድስት ሰዓት እስኪሞላ ጠበቀ፤ ሌላ ያለፈ ሰው አልነበረም። ከዚያ እርሳሱን አውጥቶ ጻፈ። የሚገባ፣ ባዶ። የሚወጣ፣ ሁለት።